የክሪሳንቶ ሣጥን ተሸካሚዎች

«ያቺን ጫጩት አንሺልኝ» አለ ድምፅ ከጣሪያው ሥር። «አፈር ስሆን አንሺልኝ፣ አቴ። ሌሊቱን ሙሉ ጭንቅላቴን ስትጠቀጥቀኝ አደረች።»

ሉሜን ከባሏ የሬሳ ሣጥን አጠገብ በፕላስቲክ ወንበር ላይ ነበረች። ሊነጋጋ ሲል ነው። ጫጩቷ የሣጥኑ መስታወት ላይ ቆማ የተበተነላትን ሩዝ ትለቅማለች፤ በዚህ በዓሣ ወደቡ ሰፈር በሰው እጅ የሞተ ሰው ሣጥን ላይ ጫጩት ትቆማለች፣ የምትለቅመው ሩዙን ሳይሆን የገዳዩን ኅሊና ነው ይባላል። ሉሜን እንዲህ ያለውን ነገር ግማሹን አምና ግማሹን ስቃበት የኖረች ሴት ናት። አሁን ግን በተቀመጠችበት ደርቃ ቀረች። «አቴ»፣ ታላቅ እህቴ፣ ብሎ የሚጠራት በዓለም ላይ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ታናሽ ወንድሟ ዶሚንግ። ባሏን ክሪሳንቶን በዓሣ ቢላ ሆዱን የዘረገፈውም ይኸው ዶሚንግ ነው።

ቀና ብላ አየች። አሮጌ መረብና የገና ጌጥ ካርቶን በሚከማችበት ቆጥ ላይ፣ በሁለት ጣውላ መካከል አንድ ዓይን ታየ። ወይ ድፍረት! ሰፈሩ በሙሉ ገጀራ ይዞ ሲያስሰው የሰነበተ ሰው፣ የገደለው ሰው አናት ላይ ተኝቶ! ግን ሞኝነት አልነበረም፤ በመንገዱ ላይ ያልተፈተሸ ቤት ይኼ ብቻ ነው። ትናንት ማታ ዝናቡ ሲወርድ፣ ለቀስተኛው ሁሉ ካርታውን ይዞ ወደ ድንኳኑ መሃል ሲጠጋ፣ በኋላ በኩል ከባሕሩ ወጥቶ ቤቱ ውሃው ላይ በቆመበት ምሰሶ ተንጠላጥሎ ገብቷል። ውጭ የካርታ ተጫዋቾቹ ጠረጴዛው ላይ ተደፍተው ያንኮራፋሉ። ሉሜን አልጮኸችም። ወደ ጓዳ ሄዳ ሽንኩርት የምትከትፍበትን ቢላ አነሣች፣ መሰላሉን ወጣች፣ የወንድሟን ፀጉር በግራ እጇ ጨምድዳ ቢላውን ከጆሮው ሥር ደገነችው።

ዶሚንግ አልታገላትም። የጨው ውሃና የትውከት ሽታ ነበረው፤ ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። «ጨርሺኝ» አላት። «ካንቺ እጅ ይሻለኛል።» ቢላው ቆዳውን ቀደደና ደም እጇ ላይ ወረደ። ሞቃት ነበር። እውነቱን እንናገር ከተባለ ደስ አላት። አንድ ጊዜ ብትጫነው ያበቃ ነበር። ያን ጊዜ ነው ከድንኳኑ ሥር የስለት ድምፅ የሰማችው፤ ብረት በድንጋይ ላይ፣ ሄድ መለስ፣ ሄድ መለስ። ልጇ ኤልመር ተነሥቷል፤ የአባቱን ገጀራ እየሳለ ነው። ሉሜን ጆሮዋን አቅንታ አዳመጠች። ይኼን ሰው እኔ ብገድለው ልጄ እናቱን በፍርግርግ ውስጥ ያያል፤ እሱ ቢገድለው ደግሞ እኔ እሱን አያለሁ አለች በሆዷ። ባሌን ወንድሜ በላው፤ ልጄን ደግሞ ይኼው ወንድሜ ሊበላው ነው። ቢላውን ከአንገቱ ላይ አነሣችና በክንዷ ጠረገችው።

«እስትንፋስህ እንዳይሰማ» አለችው። «ማርኩህ አላልኩም። የማደርግህን እስካውቅ ነው።»

ሲነጋ ቤቱ እንደገና በሰው ሞላ። ዛሬ የቀብሩ ቀን ስለሆነ ያልመጣ የለም፤ ዓሣ አውራጆች፣ የበረዶ ፋብሪካ ሠራተኞች፣ ቸርቻሪ ሴቶች፣ ክሪሳንቶ በጎርፍ ጊዜ በጀርባው ያሻገራቸው አሮጊቶች። ብስኩትና ለስላሳ ይዞራል። ሁሉም ሣጥኑ አጠገብ ቆሞ ስለ ሟቹ አንድ ነገር ሳይናገር አይቀመጥም። ክሪሳንቶ ሃያ ዓመት ሙሉ የሰፈር ዘብ በጎ ፈቃደኛ ነበር፤ ሰደርያ፣ ፊሽካና የዘብ ዱላ ሰጥተውት፣ ደመወዝ የሚባል ነገር ግን ሳይሰጡት። ቀን ዓሣ ያወርዳል፣ ማታ በየመንገዱ ይዞራል። የዘቦቹ አለቃ ማንግ ቴባን፣ ፀጉሩ የሸበተ ድምፀ ጎርናና ሰውዬ፣ የታወቀውን ወሬ አወራ። ገበያው ውስጥ የሞተር ሳይክል ሌባ ተይዞ ሕዝቡ በብረትና በድንጋይ ሲቀጠቅጠው ክሪሳንቶ ደረሰ። ቢነፋ የሚሰማው የለም፣ ቢለምን የሚሰማው የለም። ሄዶ ሌባው ላይ ተኛበት። «በግንባሩ ተደፍቶ እንደ ብርድ ልብስ ነው የሸፈነው!» አለ ቴባን እያለቀሰ። «ሁለት የጎድን አጥንት፣ ሦስት ጥርስ! ሌባው ዛሬ የት እንዳለ እግዜር ይወቅ፣ አመሰግናለሁ እንኳ አላለውም። ሰው ማለት እንዲህ ነው፣ ጎበዝ!» ሰዉ እውነት ነው፣ እውነት ነው እያለ ራሱን ነቀነቀ። ወዲያው ከዚያው ሕዝብ አፍ፣ ዶሚንግ ሲገኝ በምን እንደሚቆራረጥና ለየትኛው ዓሣ እንደሚጣል ወሬው ቀጠለ።

ሉሜን ትሰማለች። የሌባውን ወሬ ስንት ጊዜ ሰምታዋለች፤ ያን ማታ ግን ያጠበችው እሷ ናት፣ ጥርሱን ከእጁ መዳፍ ላይ የለቀመችለት እሷ ናት፣ «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ይሉሃል አንተን ነው!» ብላ የሰደበችው እሷ ናት። ኤልመር በልጅነቱ በትኩሳት ሲቃጠል ክሪሳንቶ የሰው ሚስት በዓሣ ጋሪ እየገፋ ወደ ሐኪም ቤት ይሮጥ ነበር። ከገዛ ጣሪያቸው ላይ ቆርቆሮ ነቅሎ ቤቱ ለተቃጠለበት ጎረቤት ሰጥቷል፤ እነሱ ያን ክረምት ባልዲ እየቀያየሩ አደሩ። ስንት ጊዜ ልትፈታው አስባለች! ግን ደግሞ ዓሣ ስትለይ ውላ ስትመጣ እጇን በሎሚ አሽቶ የሚያጥብላት፣ ጣት በጣት፣ ሽታው እስኪለቅ ድረስ፣ ያ ሰው ነው። እናቷ ስትሞት ያን ክፉ ዕድል፣ ዶሚንግን፣ በገዛ ፈቃዱ ቤቱ ያስገባው፣ ዋና ያስተማረው፣ መረብ ያስጨበጠው እሱ ነው። ዶሚንግም በጎረቤት ልደት ላይ ሰክሮ፣ በካራኦኬ የመዝፈን ተራ ከሰፈሩ ሰው ከኩላስ ጋር ተጣልቶ፣ ቢላ መዘዘ፤ ክሪሳንቶ ሰደርያውን እንደለበሰ መሃል ገባ፤ የኩላስን ሆድ ፍለጋ የሄደ ቢላ የክሪሳንቶን አገኘ። ኩላስ አንድ ጭረት ሳይነካው ሮጠ። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ይሉታል ይኼን። ሉሜን ግን አሁን ለተረት ጊዜ አልነበራትም።

ረፋዱ ላይ መንገዱ ዳር ጩኸት ተሰማ። ኤልመርና አምስት ጓደኞቹ ኩላስን እግሩን ይዘው በጭቃው ላይ እየጎተቱ አመጡት። ድንኳኑ ደጃፍ ላይ ጣሉት። ኤልመር ደረቱ ላይ ቆሞ፣ «አባቴ ላንተ ሲል ነው የሞተው! ላንተ፣ ለዚህ ለቆሻሻ!» እያለ በተረከዙ አገጩን ሲመታው የአጥንቱ ድምፅ ቤት ውስጥ ተሰማ። ካርታ ተጫዋቾቹ ወንበራቸውን ፈቀቅ አደረጉ እንጂ የገላገለ የለም። ድሮ የሚገላግለው ሣጥን ውስጥ ተኝቷል። ኩላስ በደም አረፋ መካከል የሚያውቀውን ተናገረ። ዶሚንግ በጀልባ አልወጣም፣ ጀልባዎቹን ሁሉ ኩላስ ራሱ ዶሚንግን ፈርቶ ሲጠብቅ ነበር፤ ስለዚህ ሰውዬው አሁንም እዚሁ መንገድ ላይ ነው።

ኤልመር ሊታጠብ ወደ ጓዳ ገባ። ሉሜን ከበርሜሉ ውሃ እየቀዳች አፈሰሰችለት። ውሃው ቀልቶ በወለሉ ክፍተት ወደ ባሕሩ ይንጠባጠባል። እጆቹ የአባቱ እጆች ናቸው፤ ወፍራም፣ አጭር ጥፍር።

«ከቀብር መልስ እያንዳንዱን ቤት እናፈርሳለን፣ ናናይ» አለ በመጨረሻ፣ ፊቱን ሳያነሣ። እናቱን እንዲህ ነው የሚጠራት። «ይኼንንም ጭምር። ቆጡንም፣ ወለሉንም። ካገኘሁት ለፖሊስ የሚተርፍ ነገር የለውም። ወንድምሽ መሆኑን አውቃለሁ። አትለምኚኝ።»

«ማን ለመነህ?» አለችው። «እጅህን በደንብ ታጠብ፤ ሥጋ ጥፍርህ ሥር ገብቷል።»

እሱ ሲወጣ ሉሜን ከድስቱ የሩዝ ሾርባ በሳህን ቀድታ፣ በጨርቅ ሸፍና፣ ወደ መሰላሉ ሄደች። መሰላሉ ሥር የክሪሳንቶ እናት ሎላ ፓሲንግ መቁጠሪያዋን ይዛ ተቀምጣለች። አሮጊቷ ዓይኗ ከፈዘዘ ቆይቷል፣ ጆሮዋ ግን የተንሾካሾኩትን ሁሉ ይሰማል። በዚህ ሰፈር የለቅሶ ሥርዓት ለማወቅ የሚጠየቀው እሷ ናት፤ በለቅሶ ቤት እንደማይጠረግ፣ እንግዳ እንደማይሸኝ፣ የሟች ዘመድ ሣጥን እንደማይሸከም፣ ከተሸከመ ሟች አስከትሎት እንደሚሄድ፣ ሁሉን ያስያዘቻቸው እሷ ናት።

«ለማን ነው ሾርባው?» አለች ሎላ ፓሲንግ።

«ለድመቷ።»

ከላይ ሳል ተሰማ። የታፈነ፣ የሰው ሳል። ሉሜን መሰላሉን እንደጨበጠች ቀረች። የአሮጊቷ ጣቶች መቁጠሪያው ላይ ቆሙ። ልጇን የገደለው ሰው ከራሷ በላይ እየሳለ ነው፤ አንድ ጊዜ «ኡ!» ብትል ያልቃል። ሉሜን የሴትዮዋን የተጨማደደ ፊት አየች፤ ምንም አይነበብበትም። ከቆይታ በኋላ መቁጠሪያው እንደገና መሽከርከር ጀመረ። «ድመቷ ጉንፋን ይዟታል» አለች ሎላ ፓሲንግ። «ሳይበርድ አብዪያት።»

ሉሜን ማንግ ቴባንን ከጓዳው በስተኋላ፣ ከበርሜሉ አጠገብ፣ ለብቻው አገኘችው። ዙሪያ ጥምጥም አልሄደችም። «ዶሚንግ ቆጤ ላይ ነው» አለችው። «ለፖሊስ ጣቢያ ታደርሰዋለህ።» ቴባን መጀመሪያ የቀለደች መሰለው። ቀጥሎ ግንባሩ ላይ ያለው ሥር ተገተረና በቡጢ ኮምፔንሳቶውን ግድግዳ መታው፤ እጁ እስከ አንጓው ድረስ በስቶ ገባ። «እኔ? እኔ ላደርሰው? አንጀቱን በመዳፌ ይዤ ነው ጓዴ የሞተብኝ! አምጪው፣ ቀድሜ የምዘለዝለው እኔ ነኝ!» ሉሜን አንገትጌውን ይዛ ወደ በርሜሉ አስጠጋችው። ቁመቷ ደረቱ ድረስ ነው።

«ጠዋት ስታወራ የዋልከው ምንድነው ታዲያ?» አለችው። «ብርድ ልብስ ሆነለት፣ ሰው ማለት እንዲህ ነው፣ ጎበዝ! ለማን ነው ያወራኸው? ለብስኩቱ ነው? የማታደርገውን ነገር ባሌ ሣጥን አጠገብ ቆመህ ምን አስለፈለፈህ? ዶሚንግን አልወደውም፣ ይበስብስ፣ ዕድሜ ልኩን ይታሰር። ልጄን ግን አልሰጥም። ሰማህ፣ ቴባን? አንዱን ሰጥቻለሁ። ይኼን አልሰጥም!»

ቴባን እጁን ከቀዳዳው አወጣ። ስንጥር ቆዳው ውስጥ ተሰክቷል። ለረጅም ጊዜ ስንጥሩን ሲነቅል ቆየ። «በየት በኩል ነው የማወጣው?» አለ በመጨረሻ። «ሁለቱም ጫፍ ሰው ነው፤ ከኋላም ጀልባ ላይ እየጠበቁ ነው።»

«ሣጥኑ ሲወጣ» አለችው።

መንገዱ ሣጥን ካሳለፈ ሌላ ሰው አያሳልፍም። ስለዚህ በዚያ ሰፈር ሬሳ ሲወጣ ሕዝቡ ይቀድምና አስፋልቱ ላይ፣ የሬሳ መኪናው ዘንድ፣ ይጠብቃል፤ ሣጥኑ ከተሸካሚዎቹ ጋር መጨረሻ ይመጣል። ጀልባዎቹ ላይ ያሉትም ያን ጊዜ ወርደው አስፋልቱ ዘንድ ይቆማሉ። ከሰዓት በኋላ ሰዉ እየተገፋፋ ወጣና መንገዱ ባዶ ሆነ። ያን ጊዜ ሉሜን በሩ ላይ ቆማ ተሸካሚዎቹን በስማቸው ጠራች። ስድስት ናቸው፤ ኤልመርና አምስቱ ጓደኞቹ፣ ገጀራ የታጠቁት ሁሉ። አምስቱ ተያዩ። ኤልመር ወደ ኋላ አፈገፈገ።

«ዘመድ አይሸከምም፣ ናናይ።»

«አባትህ የዚህን ሰፈር ሰው ሁሉ ተሸክሟል» አለችው። «እሱን ባዳ ይሸከመው? በራስጌው ግባ።»

አንድ አክስት ጮኸች። «ኧረ በሕግ! ልጁንም ልታስከትይው ነው? ሎላ ፓሲንግ፣ አንድ ነገር በዪ እንጂ!» ሁሉም ወደ አሮጊቷ ዞረ። ሎላ ፓሲንግ ዱላዋን ይዛ ተነሣች። ወደ ልጇ ሣጥን ሄዳ መስታወቱን በመዳፏ ዳሰሰችው፣ ልክ ፊቱ ባለበት ላይ። ከዚያ የፈዘዙ ዓይኖቿን ወደ ጣሪያው አነሣች፣ ወደ ልጅ ልጇም መለሰቻቸው። «ይሸከም» አለች። «ሥርዓቱን ያስያዝኳችሁ እኔ ነኝ። እኔው ፈትቼዋለሁ። ይሸከም።»

ከዚህ በኋላ የሚከራከር አልነበረም። ገጀራዎቹ ግድግዳው ላይ ተደገፉ፣ ሣጥኑ ተነሣ። ክሪሳንቶ ከባድ ሰው ነበር፤ ስድስቱም ትከሻቸው ጎበጠ። ከደጃፉ ወጥተው ወደ አስፋልቱ ዞሩ። ሣጥኑ መንገዱን ከግድግዳ ግድግዳ ሞላው። የተሸኘ ሬሳ መቃብሩ ሳይደርስ መሬት አይነካም፤ ከነካ ሟች ሰፈሩን አይለቅም። ይኼን ለማወቅ ሎላ ፓሲንግ አያስፈልግም፤ ገና የሚድኸው ሕፃን እንኳ ያውቃል። ያን ጊዜ ነው ቴባን ዶሚንግን ብብቱ ሥር አቅፎ ከበሩ የወጣው።

መጀመሪያ ያየው የሣጥኑን ግርጌ የያዘው ልጅ ነው። «ኧረ ጉድ! እሱ ነው! ዶሚንግ ነው!» ኤልመር አንገቱን አዞረ። ትከሻው ላይ ሣጥኑ አለ፣ ጉንጩ እንጨቱን ይነካል፣ ከአባቱ ራስ የሚለየው አንድ ጣውላ ነው። አጎቱ ከኋላው፣ በእጅ የሚደረስ ቦታ ላይ፣ እየተንገዳገደ በመንገዱ ሌላ ጫፍ ወዳለው ድልድይ፣ ወደ ፖሊስ ጣቢያው አቅጣጫ፣ ይሄዳል። ከኤልመር ጉሮሮ የከብት ድምፅ የመሰለ ነገር ወጣ። «አውርዱት!» ብሎ ጮኸ። «አውርዱት አልኳችሁ!» ሣጥኑ ተንገጫገጨ፣ ወደ አንድ ጎን አዘነበለ፤ የክሪሳንቶ ሬሳ ውስጡ ተንሸራቶ ጎኑን ሲመታ ሁሉም ሰሙት። አንደኛው ልጅ ማልቀስ ጀመረ። ከአስፋልቱ በኩል ሕዝቡ ጩኸቱን ሰምቶ ተመልሶ መጣ፤ ግን ሣጥኑን ማለፍ አልቻለም፣ እንደ ታፈነ ጎርፍ ከዚያ ማዶ ይገፋል። ድንጋይና ጠርሙስ ከሣጥኑ በላይ መብረር ጀመረ። አንዱ ጠርሙስ ቴባንን ማጅራቱ ላይ አገኘው፤ ደሙ ሸሚዙን አራሰው። ተንበረከከ፣ ተነሣ፣ ዶሚንግን ከፊቱ አድርጎ በሰፊ ጀርባው እየከለለ ቀጠለ። ሌላ ድንጋይ የዶሚንግን ጆሮ ቀደደው።

ሉሜን ጎንበስ ብላ ሣጥኑ ሥር ገባች። የሟች ቤተሰብ በሣጥን ሥር ማለፉ ወግ ነው፤ እሷ ግን አላለፈችም። መሃሉ ላይ ጭቃው ውስጥ ተቀመጠች፣ እግሯንም ዘረጋች።

«አውርዱት በሉ» አለች ከሥር። «ካወረዳችሁ እላዬ ላይ ነው። ሬሳችሁ መሬት አይነካም፣ እኔን ነው የሚነካው። በል፣ ኤልመር! ልቀቅ!»

የሚታያት የስድስት ሰው እግር ነው። የልጇን አወቀችው፤ አውራ ጣቱ ጭቃው ውስጥ ተቀብሮ ይንቀጠቀጣል። ላብ ይሁን እንባ፣ ከላይ ጠብ ጠብ ይላል። ሣጥኑ ዝቅ አለ፣ ፀጉሯን ነካ። ዓይኗን ጨፈነች። ፈራች፤ በሕይወቷ እንደዚህ ፈርታ አታውቅም፣ ደግሞ ሞቱን አልነበረም የፈራችው፤ የልጇ ትከሻ ባዶ እንዳይሆን ነበር። ሣጥኑ እዚያው ቆየ፣ ፀጉሯ ላይ፣ እንደ ጀልባ እየተወዛወዘ። ከዚያ ቀስ እያለ ከፍ አለ። ከድልድዩ ማዶ የቴባን ፊሽካ ተነፋ፤ ጣቢያው ደጃፍ ደርሷል ማለት ነው።

«ውጪ» አለ ኤልመር። ድምፁ ተሰባብሯል። «እንለፍበት።»

መቃብሩ ፎቅ ነው፤ ሬሳ በሬሳ ላይ እንደ መሳቢያ የሚገባበት። ግንበኛው ሲሚንቶውን ለድፎ ሲያበቃ ሰዉ ቶሎ ተበተነ፤ ሉሜንን ደፍሮ ያናገራት የለም፣ አንዳንዱም ሲያልፍ እግሯ ሥር ምራቁን ተፋ። ሎላ ፓሲንግ ብቻ ክንዷን ይዛ ቆማለች። ኤልመር ሸሚዙን ከትከሻው ላይ አላቀቀው፤ ቆዳው ተልጦ ጨርቁ ላይ ተጣብቋል። ወደ እናቱ መጣ። ይመታት ይሆን ብላ አሰበች፤ ቢመታት አትከላከልም ነበር።

«ዛሬ ሁለት ሰው ነው የቀበርኩት» አላት። «አባቴንና አንቺን። ቤት አልመጣም። አትፈልጊኝ።»

ሉሜን እጆቹን አየች። ያበጡ፣ የቆሳሰሉ፣ ባዶ እጆች ናቸው።

«ቅበረኝ፣ ልጄ» አለችው። «ብቻ በሄድክበት ከፍርግርግ ውጭ እደር፣ ሰማይ ይታይህ።»

ኤልመር ዞሮ በመቃብሮቹ መካከል ወደ ዋናው በር ሄደ፤ ማንም አልያዘውም፣ ማንም አልተከተለውም። ሉሜን ባሏ ከሞተ ጀምሮ ያላለቀሰችውን ለቅሶ ያን ጊዜ አለቀሰችው።